ሻሿን ተዉት፤ የኒካህ ውሏን አንብቡ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጥበብ ገጻችሁ ስለ ሴቶች ሕይወት የሚጽፉ ደራስያን ቦታ ማግኘታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አዳማ የምንኖር፣ የልብ ወለድ ረቂቅ የምናነብና የምናርም ሴቶች ነን። ከመካከላችን የቤተሰብ ሕግ ያጠኑም፣ ኪታብ የቀሩ፣ ማለትም የእስልምናን መጻሕፍት የተማሩም አሉ።

ሙስሊም ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ በሆነችባቸው፣ ፌሚኒስት ተብለው በሚቀርቡ ታሪኮች ውስጥ አንድ ትዕይንት እስኪሰለች ይደጋገማል። ልጅቷ መስታወት ፊት ትቆማለች። ሻሿን ትፈታለች። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ይዘናፈላል። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ነፋስ ይገባል፣ ታሪኩ ያልቃል። ከዚያ በፊት ያሉት ገጾች ሁሉ ወደዚህ መስታወት የሚያደርሱ ደረጃዎች ናቸው፤ አባት ይቆጣል፣ ወንድም ይማታል፣ እናት ታለቅሳለች።

ሃይማኖት ተነካ ብለን አልተቆጣንም። ያሳዘነን ደራስያኑ ሴቲቱ በእውነት የምትታገልበትን ቦታ አለማወቃቸው ነው። ትግሏ ያለው ኒካህ (የእስልምና ጋብቻ ውል) በታሰረበት ወረቀት፣ በመህሯ (ባሏ ለእሷ በሚሰጣት የጋብቻ ገንዘብ)፣ በምትኖርበት ግቢ፣ በውርስ ክፍፍሉና በምትመርጠው ፍርድ ቤት ላይ ነው። የሴቶችን መብት ከልቡ ለሚያስብ ደራሲ የታሪክ ጎተራው እዚያ ነው፤ ጎተራው ግን ሳይከፈት ቀርቷል።

ስለ ጨርቁ ጥቂት ብለን እንለፍ። ሒጃብ፣ ጅልባብ፣ ኒቃብና አባያ አንድ አይደሉም። ሒጃብ ጸጉርና አንገትን፣ ጅልባብ ከራስ ጀምሮ ሰውነትን ይሸፍናል፤ ኒቃብ ፊትን ሸፍኖ ዓይንን ይተዋል፤ አባያ ሰፊ ረጅም ቀሚስ ነው። ደራሲው እነዚህን ሲያምታታ ትዕይንቱ ይፈርሳል። ኒቃብ የለበሰችን ሴት ታክሲ ውስጥ «ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ» ያየ ተሳፋሪ ሊኖር አይችልም።

ትልቁ ስሕተት ግን ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ሴት ከአባቷ፣ ከወንድሟ፣ ከልጇ፣ ከአጎቷ፣ ከባሏና ከባሏ አባት ፊት ጸጉሯን አትሸፍንም፤ እነዚህ፣ ከባሏ በቀር፣ መሕረም ይባላሉ፤ ሊያገቧት አይችሉም። ከአጎትና ከአክስት ልጅ፣ ከባሏ ወንድም፣ ከእህቷ ባል ፊት ግን ትሸፍናለች። ይህን የማያውቅ ደራሲ ልጅቷን በሒጃብ ያስተኛታል፣ ብቻዋን ወጥ ስትሠራ ሒጃብ ያለብሳታል፣ ከዚያ በታሪኩ መጨረሻ ወንድሟ ጸጉሯን «ለመጀመሪያ ጊዜ» አይቶ ይደነግጣል። እናቷ ስትጎነጉንላት አጠገቧ ተቀምጦ ያደገ ወንድም እንዴት ይደነግጣል?

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት የግቢውን ንድፍ በወረቀት ላይ መሣል ይበጃል። አዳማ ውስጥ ብዙ ሰው የሚኖረው በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ባሉበት፣ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት በጋራ በሚሠራበት ግቢ ነው። በንድፉ ላይ በየክፍሉ ማን እንደሚኖር ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ወንድ ስም ጎን ለእሷ መሕረም መሆኑና አለመሆኑ ይመልከት። ያኔ ታሪኩ ራሱ መናገር ይጀምራል። ውኃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር ሻሿን ከየት ታነሣለች? በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ። የባሏ ወንድም ሥራ ፍለጋ መጥቶ ሳሎን ላይ ፍራሽ ከዘረጋ ምን ይሆናል? በአዳማ ሙቀት፣ በገዛ ወጥ ቤቷ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተሸፍና መዋል ይመጣባታል። በፊቅህ (በእስልምና የሕግ ትምህርት) ደግሞ ሚስት የባሏ ዘመዶች የማይጋሯት የራሷ ማደሪያ እንዲኖራት የመጠየቅ መብት አላት። እንዲህ ያለች ሴት ባሏን «ወንድምህ ቤት ይከራይ፤ ይህ ሐቄ ነው» ብላ ስትይዘው የሚፈጠረው ጭቅጭቅ፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ አማቷ ምን ትላለች፣ ሼሁ ከማን ጋር ይወግናሉ የሚለው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል። መስታወቱ ግን የሚወጣው አንድ ገጽ ነው።

ጨርቁ ፈጽሞ አይነሣ ማለታችን አይደለም። ተገድዳ የምትለብስ ሴት አለች፤ ታሪኳ ይጻፍ። ተገድዳ የምታወልቅም አለች። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ተማሪዎች ሒጃብ በመልበሳቸው ከትምህርት ገበታ ሲታገዱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለ ሴት ልጅ የመማር መብት የሚቆረቆር ደራሲ ከሁለቱ አንዷን ብቻ ካየ ገና አላየም።

ኒካህ ጋ እንምጣ።

በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ያለው የሙስሊም ሠርግ ከፊልም የተወሰደ ይመስላል፤ ሼሁ መካከል ቆመው ሙሽሪትን «ትቀበይዋለሽ ወይ?» ይላሉ፣ ልጅቷ «አይ!» ብላ ትሮጣለች። ኒካህ እንዲህ አይታሰርም። የሚያስፈልጉት ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ የሙሽሪት ወሊይ (የሚድራት የቅርብ ወንድ ዘመድ፣ ብዙ ጊዜ አባቷ)፣ ሁለት ምስክሮች፣ የመስጠትና የመቀበል ቃል ናቸው። ወሊዩ «ልጄን እገሊትን በዚህ መህር ድሬልሃለሁ» ይላል፤ ሙሽራው «ኒካሗን ተቀብያለሁ» ይላል። በቃ፣ ታሰረ። ሙሽሪት ብዙ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ የለችም፤ ፈቃዷ ቀድሞ ተጠይቋል፣ ወይም ተጠይቋል ተብሏል። በ«ተጠይቋል» እና «ተጠይቋል ተብሏል» መካከል ያለችው ክፍተት ናት የደራሲዋ ቦታ። ፈቃዷን ሊጠይቅ የመጣው ማን ነበር? ምን አለ? ዝም ስትል ዝምታዋ እንደ እሺታ ተቆጠረ፤ ዝምታዋ ግን የድንጋጤ ከሆነስ? (ወሊይ የሚለው ቃል በወሎና በባሌ የአላህ ወዳጅ የሆነን ቅዱስ ሰውም እንደሚያመለክት ልብ ይሏል። ሁለቱን አምታተው «ወሊዩ ኒካህ አሰረ» የሚሉ ገጾች ገጥመውናል።)

የመዝሀቡም፣ ማለትም የሕግ ትምህርት ጎራው፣ ነገር አለ። በአርሲና በባሌ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ ነው፤ በዚህ መዝሀብ ያለ ወሊይ ኒካህ የለም። ያላገባች ልጅን አባቷ ሳያስፈቅዳት ሊድራት ይችላል የሚል አቋም የመዝሀቡ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ መጠየቋን ግን ይወዱታል። በሐነፊ መዝሀብ ግን ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት አትገደድም፤ ራሷም ኒካሗን ልታስር ትችላለች። ይህ ልዩነት ለደራሲ ውድ ዕቃ ነው። አንዲት ጀግና አባቷን በሬዲዮ ከሰማችው የመብት ንግግር ጥቅስ አምጥታ ልትሞግተው ትችላለች፤ አባትየው «ፈረንጅ አስተማራት» ብሎ ያልፋታል። ያቺው ልጅ መድረሳ ውስጥ የተማረችውን፣ የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ የዘገቡትን የኸንሳ ቢንት ኺዳምን ነገር ብታነሣበትስ? ኸንሳ ቀድሞ ያገባች ነበረች፤ አባቷ ሳትወድ ዳራት፤ ለነቢዩ ሄዳ ተናገረች፤ ጋብቻው ፈረሰ። ያኔ አባትየው ማምለጫ የለውም። «እሷ ቀድሞ ያገባች ነበረች፣ አንቺ ልጃገረድ ነሽ» ይላታል፤ እሷም መልስ ታዘጋጃለች። በገዛ ራሱ ኪታብ የተያዘ አባት ሲያመነታ ማሳየት አባትን ጭራቅ አድርጎ ከመሣል ይከብዳል፤ ደግሞም እውነቱ ይኸው ነው። የአገራችን ሕግ በበኩሉ የሁለቱን ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ ይህም እንደ ሌላ ድምፅ በታሪኩ ውስጥ መግባት አለበት።

መህር፣ ጥሎሽና ገበራ በአንድ ድስት ተቀቅለው ነው የሚቀርቡልን። «አባቷ መህር ተቀብሎ ሸጣት» የሚል ዓረፍተ ነገር የያዘ ረቂቅ ገና ከጅምሩ ወድቋል። በኦሮሞ ባህል ገበራ ከሙሽራው ወገን ለሙሽሪት ቤተሰብ የሚሰጥ ነው። መህር ግን የሴቲቱ የግል ገንዘብ ነው፤ አባት፣ ወንድም፣ ባልም እጁን አያስገባበትም። ወርቅ ሊሆን ይችላል፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ቁርአን ማስተማርም ሊሆን ይችላል። ወዲያው የሚሰጠው ሙቀደም፣ ለኋላ የሚቆየው ሙአኸር ይባላል። የቆየው በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ የሚጠየቅ ዕዳ ነው። ጋብቻው ተፈጽሞ ከመገናኘታቸው በፊት ቢፋቱ ግማሹ ይገባታል።

ወግ አጥባቂዎች የሚሸፍኑት፣ ደራስያንም የማያዩት ግፍ ያለው እዚህ ነው። መህሩ ለወጉ ያህል ይጠራል እንጂ አይጻፍም። ወይም ይጻፍና ወረቀቱ አባት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ወይም በሠርጉ ማግስት አክስቶች ከበዋት «ይቅር በዪው፤ መልካም ሚስት እንዲህ ናት» ይሏታል፤ ትላለች። ወይም ሙአኸሩ በብር ተጽፎ ሃያ ዓመት ይቆያል። በ1990ዎቹ የተጻፈ 5,000 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? «20 ግራም ወርቅ» ተብሎ የተጻፈ መህር ግን ዛሬም 20 ግራም ወርቅ ነው። አንዲት እናት ልጇ ስትዳር «በብር አይጻፍ፣ በግራም ይጻፍ» ብላ ከሽማግሎች ጋር የምትከራከርበት ትዕይንት፣ የእናትየው መህር ምን ሆኖ እንደቀረ አንድም ቃል ሳይነገር ለአንባቢ ያስረዳል።

ፍቺ ሲመጣ በታሪኮቻችን ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ባል ሦስት ጊዜ «ፈታሁሽ» ይላል፣ ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ በሌሊት መንገድ ላይ ትቆማለች። ሲደርስ አይተናል፣ ይደርሳል። ነገር ግን መባረሯ ራሱ ጥፋት መሆኑን ደራሲው ማወቅ አለበት። ሊመልሳት በሚችልበት ፍቺ ዒዳዋን፣ ማለትም ሌላ ሳታገባ የምትጠብቀውን ሦስት የወር አበባ ዑደት፣ የምትቆየው በዚያው ቤት ነው፤ ቀለቧም በባል ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ዒዳዋ እስክትወልድ ነው። ሴቲቱ ራሷ የምትጠይቀው ፍቺም አለ፤ ኹልዕ ይባላል። መህሯን ትመልሳለች፣ ትለያያለች። በሐዲስ የተመዘገበችው የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ባሏን በዲኑም በጠባዩም አልከሰሰችም፤ ከሱ ጋር መኖር አልቻለችም፣ ያ ብቻ ነበር ምክንያቷ። የሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ ተለየች። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ደራሲ ሴቲቱ እንድትለይ ሲፈልግ ባሏን ሰካራም፣ ደብዳቢና ሴሰኛ ለማድረግ አይቸኩልም። ደግ ባል ትታ የምትሄድ ሙስሊም ሴት በአማርኛ ልብ ወለድ አጥብቀን እንናፍቃለን። ዋጋውም አለ፤ መህሯን ሸጣ ልጆቿን ያስተማረችበት ከሆነ ምን ትመልሳለች?

ከሁሉ በላይ ደራስያን ቁጥር እንዲሠሩ የምንለምነው በውርስ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባል ሞተ። ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ቀሩ። በጋብቻው ዘመን በባል ስም የተሠራ፣ 2,400,000 ብር የሚያወጣ ቤት አለ። ሌላ ዕዳ የለም እንበል።

በሸሪዓ ከተከፈለ ልጆች ስላሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 300,000 ብር ታገኛለች። ከቀረው 2,100,000 ወንዱ ሁለት እጅ፣ ሴቷ አንድ እጅ ይወስዳሉ፤ ለወንዱ 1,400,000፣ ለሴቷ 700,000። በመደበኛ ፍርድ ቤት ከሆነ ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ስለሆነ ግማሹ፣ 1,200,000 ብር፣ አስቀድሞ የሚስት ነው። ቀሪውን ልጆቹ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት እኩል ይካፈላሉ፤ 600,000፣ 600,000።

አሁን ቁጥሮቹን አስተያዩ። እናት በመደበኛው ፍርድ ቤት አራት እጥፍ ታገኛለች። ወንዱ ልጅ በሸሪዓ ከእጥፍ በላይ ያገኛል። ሴቷ ልጅስ? በሸሪዓው 100,000 ብር ትበልጣለች። «ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው» ብሎ የጀመረ ልብ ወለድ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ቢሰናከል ይሻለዋል። እናትና ሴት ልጅ በአንድ ለቅሶ ቤት፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፍላጎታቸው ተለያይቷል። ሴቷ ልጅ ባል አላት፤ ባሏም ይቆጥራል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ መሆኑን ይናገራል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ፈቃድን መሠረት አድርጓል። እንግዲህ «ቃዲው ጎትቶ አስቀረባት» የሚለው ትዕይንት ከሕጉ ጋር አይሄድም። ከኑሮው ጋር የሚሄደው ሌላ ነው፤ ማንም አይጎትታትም። ልጇ ቅጹን ያመጣላታል፣ ብዕሩን ይሰጣታል፣ «እማዬ፣ ፈርሚ» ይላታል። እምቢ ካለች ከአላህ ሕግ ሸሸች ይባላል። ከፈረመች 900,000 ብር አጣች። እሷ ደግሞ አማኝ ናት፤ የዚያን ፊርማ ክብደት በሁለቱም በኩል ታውቀዋለች። የሴትነትን ጥያቄ ከዚህ የበለጠ የሚያፋጥጥ ትዕይንት እኛ አናውቅም፤ እስካሁን ግን በረቂቅ ገጽ ላይ አላገኘነውም።

በሸሪዓው መንገድ ብትሄድም እጇ ባዶ አይደለም። ከክፍፍሉ በፊት የቀብር ወጪና ዕዳ ይነሣሉ፤ ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው። ወረቀቱ በእጇ ከሆነ መህሯን ከክፍፍሉ በፊት ትወስዳለች። በፊቅህ የሚስት ገንዘብ የሚስት ነው፤ ቤቱ ሲሠራ በራሷ ገንዘብ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዝታ ከሆነ ያንን አስመስክራ ማስነሣት ትችላለች። በዕቁብ ገንዘቧ የገዛችበትን ደረሰኝ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ለዓመታት ያስቀመጠች የአዳማ ነጋዴ ሴት ከማንኛዋም መስታወት ፊት ከምትቆም ልጅ የበለጠ ጀግና ትሆናለች። ለምን ዕቁብ? ወለድ ስለማትፈልግ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ አገራችን ውስጥ ሥራ የጀመረው በ2013 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚነግዱ ሴቶችን ገንዘብ ያንቀሳቀሰው ዕቁብ መሆኑን ማሳየት የኑሯቸውን ብልሃት ማሳየት ነው።

ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ወሩ የጨረቃ ስለሆነ ወደ 128 ቀን ይሆናል፤ በእኛ 30 ቀን ወር የቆጠረ ደራሲ 130 ይደርስና ቀኑን ያፋልሳል። በዚህ ጊዜ አትኳኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ አታገባም። ደራስያን ይህን እንደ እስር ብቻ ያዩታል። ሴኔጋላዊቷ ማርያማ ባ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልብ ወለድ ግን ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳዋ ውስጥ ሆና ለጓደኛዋ ረጅም ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ሁለተኛ ሚስት ስላገባው ባሏ የምታስበውን ሁሉ የምታወጣው ቤት በዋለችባቸው በእነዚያ ወራት ነው። የዒዳው ሕግ ለልብ ወለዱ ቅርጽ ሰጠው። ይህን ያነሣነው ሥርዓቱን ጠንቅቆ ማወቅ ደራሲን እንዴት እንደሚጠቅም ስለሚያሳይ ነው። «ፌሚኒዝም ለሙስሊም ሴት ከውጭ የመጣ ነው» የሚሉ የራሳችን ሰዎችም ቤንጋላዊቷ ሮኬያ ሰኻዋት ሑሴን በ1905 እ.ኤ.አ. ሴቶች አገር የሚያስተዳድሩበትን፣ ወንዶች እቤት የሚውሉበትን ታሪክ ማሳተሟን፣ ኋላም ለሙስሊም ልጃገረዶች ትምህርት ቤት መክፈቷን ይወቁ።

ከደጃችንም አለ። አዳማ ከአርሲ ጋር የተሳሰረች ከተማ ናት። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስታገባ ሲንቄ የሚባለውን በትር ትይዛለች፤ በተለይ አራስ ሴት ብትደበደብ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ካሣ ሳይፈጸም አይመለሱም። የአርሲ ሙስሊም ሴት ይህንንም፣ መህሯንም፣ የቀበሌ ማኅተሟንም በአንድ እጅ ይዛ ነው የምትኖረው። የሐረሪዋ ሴት አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላት። የስልጤዋ፣ የወሎዋ፣ የሶማሌዋ ቤት ሌላ ሌላ ነው። «ሙስሊም ሴት» የምትባል፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ሴት አዳማ ገበያ ውስጥ የለችም፤ በልብ ወለድም አትኑር።

ግርዛትን የሚያነሡ ደራስያን እንዳይፈሩ እንፈልጋለን፤ እንዲጠነቀቁም። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 እና 566 ይከለክሉታል። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት አለ፤ የመስፋቱ ዓይነት በሶማሌና በአፋር ይበዛል። የአርሲን ልጅ የሶማሌ አድርጎ ማስሰፋት ስሕተት ነው። ሴቶቹ ራሳቸው «ሱና ነው» ብለው እንደሚከራከሩ ደብቆ ማለፍም ስሕተት ነው፤ የዚያ ክርክር ውስጡ መግባት አለበት።

ንግግር ላይ ትንሽ። «ኢንሻአላህ» ላለፈ ነገር አይባልም። ሞት ሲሰማ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ነው የሚቀድመው። ለሴት «ጀዛኪላህ»፣ ለወንድ «ጀዛከላህ»። በየዓረፍተ ነገሩ ዐረብኛ የምትጨምር ልጅ ከወጣት ጀመዓ የመጣች ትመስላለች፤ አያቷ እንዲህ አትናገርም። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፤ ያለፋትን ጾም በኋላ ትከፍላለች፣ ሶላቱን ግን አትከፍልም። በረመዳን ሰው እንዳያያት ተደብቃ ውኃ የምትጠጣ ልጅ ወንድሟ ሲይዛት ምን ትለዋለች? ትንሽ ነገር ናት፤ ግን አንባቢቱ ሴት ወዲያው ታውቃታለች። የጥፍር ቀለም የውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ ትጥበት) ውኃ ወደ ጥፍር እንዳይደርስ ስለሚከለክል የምትቀባበትና የምትፍቅበት ቀን አለ። ምግብም እንዲሁ ነው፤ ሙስሊሟና ክርስቲያኗ ጓደኛሞች ሥጋ ቤታቸው ስለሚለይ አብረው ሲበሉ የጾም ምግብ ያዛሉ። ሁለቱን ያለ አንዳች ቃል በአንድ ክትፎ ላይ ያስቀመጠ ደራሲ ጓደኝነታቸውን ያቆመችውን ያችን ዘዴ ጣላት።

ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ዘመኑን ማስላት ግዴታ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ የሚጀምር ልብ ወለድ ካለ ረመዳን የገባው ከዚያ ቀን ጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ወር ነው፤ በዚያ ዕለት ሙስሊም ሴቶችን ጾመኛ ማድረግ አይቻልም። የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑትም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ከተደረገው ታላቅ ሰልፍ በኋላ ነው፤ በ1950ዎቹ ለዒድ ትምህርት ቤት መዝጋት አይቻልም።

ልጅቷን የሚያድን ወንድ የሚገባባቸው ታሪኮች ከዚህ ሁሉ ያመልጣሉ፤ የተማረ፣ ብዙ ጊዜ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ፍቅረኛ ይመጣና ይዟት ይሄዳል። ሙስሊም ሴት ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ማግባት በፊቅህ ስለማይፈቀድላት መሄዷ ከእናቷም፣ ከወራሽነቷም፣ ከቀብሯም ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ሒሳብ ሳያወራርድ ባቡር ላይ የሚያሳፍራት ደራሲ አላከበራትም። በሌላ ጫፍ ነቀፋ ፈርተው የሚጽፉ አሉ፤ ጀግናቸው አትሳሳትም፣ አትቆጣም፣ ዱዓ ታደርግና ባሏ ይለወጣል። እነሱም ሰው መሆኗን ነሥተዋታል። መሳሳት የማትችል ሴት ምን ትመርጣለች?

የአዳማ ወጣት ደራስያን ረቂቃቸውን ከማሳተማቸው በፊት ለሦስት ሰው እንዲያስነብቡ እንመክራለን። አንዷ ከገጸ ባሕርይዋ ብሔርና ሰፈር የመጣች፣ ቢቻል እናት የሆነች ሴት ትሁን፤ ስለ ቤቱ ትናገራለች። አንዱ በሸሪዓም በመደበኛም ፍርድ ቤት የሠራ ጠበቃ ይሁን፤ የፍቺና የውርስ ምዕራፎችን ብቻ ይስጡት፣ ሁሉን አይጫኑበት። ሦስተኛዋ የ17 ወይም የ18 ዓመት ሙስሊም ልጅ ትሁን፤ ንግግሩ የሷ ዘመን መሆኑንና አለመሆኑን የምትነግረው እሷ ናት። ለሦስቱም የንባባቸው ይከፈል። እርሳስ ይዘው በመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች ውስጥ ጨርቋ የተጠቀሰበትን በአንድ ምልክት፣ ሥራዋ ወይም ገንዘቧ የተጠቀሰበትን በሌላ ያክብቡ። የጨርቁ ምልክት ከበለጠ ረቂቁ ከውጭ ሆኖ እያያት ነው፤ ይመለስና ይጻፍ።

ጋዜጣችሁም አጭር ልብ ወለድ ሲቀበል የጥበብ ገጹ አዘጋጅ ለጸሐፊው እንዲህ ብለው ይጠይቁልን፦ መህሯ ስንት ነው? ወረቀቱስ ማን ጋ ነው ያለው?

ረቂቅ የሚያነቡ ሴቶች፣ ከአዳማ